የምዕራብ ጮራ እንግዶች

የቡና ዋጋ በወደቀበት በ፲፱፻፺፫ ዓ.ም. ሐጂ አባቦራ የምዕራብ ጮራ እግር ኳስ ክለብን ሊቀ መንበር አቶ ወልደጻድቅን ወደ መጋዘናቸው አስጠሯቸው። ሐጂ በወጣትነታቸው ከጅማ አካባቢ መጥተው በሚዛን ተፈሪ የከበሩ፣ አንድ የቡና መፈልፈያና ሁለት አይሱዙ የጭነት መኪና ያላቸው ነጋዴ ነበሩ። ክለቡ ከተቋቋመበት ቀን አንሥቶ ማሊያውንም፣ ኳሱንም፣ የአሠልጣኙን ደመወዝም፣ የመኪናውን ነዳጅም የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አቶ ወልደጻድቅ በበኩላቸው ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት በጡረታ ከተሰናበቱ ወዲህ የክለቡን ወንበር ያለ አበል የያዙ፣ ሰማይ ቢቀደድ ከረባታቸውን የማይፈቱ ሰው ነበሩ። የከተማው ሰው ከጡረታም በኋላ «መምህር» ማለቱን አልተወም።

በመጋዘኑ ውስጥ ጀንፈሉ፣ ገና ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ እስከ ጣራው ተከምሮ ነበር። ሐጂ አንድ እፍኝ ዘግነው አሳዩዋቸውና መልሰው በተኑት።

«ያዩታል መምህር? የገዛሁበት ዋጋ ሌላ፣ አሁን የሚሰጡኝ ዋጋ ሌላ። ብሸጠው እከስራለሁ፤ ባልሸጠው ይሻግታል። ከዚህ ላይ ደግሞ ኳስ ተጫዋች ልቀልብ?»

«ክለቡ ይዘጋ ማለትዎ ነው?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

«እንዲያ አልወጣኝም። ማሊያና ነዳጅ አልነፍግም። የአሠልጣኙን የባየንም ደመወዝ እንደምንም አደርጋለሁ። የእንግዳው ወጪ ግን ከትከሻዬ ይውረድ።»

የእንግዳው ወጪ ቀላል ነገር አልነበረም። በደቡብ ምዕራብ ከተሞች ዋንጫ ደንብ መሠረት ባለሜዳው ክለብ እንግዳውን ቡድን አንድ ሌሊት አሳድሮ፣ ራት፣ ቁርስና ምሳ አብልቶ የማጫወት ግዴታ ነበረበት፤ ዝናቡ በፈለገው ወር እየመጣ መንገዱን ስለሚያበላሸው በዕለቱ ደርሶ መመለስ የሚታሰብ አልነበረምና። እስከዚያ ዓመት ድረስ እንግዶቹ የሚያርፉት በወይዘሮ አሰጋሽ ሆቴል ሲሆን ሒሳቡን የሚዘጉት ሐጂ ነበሩ።

«አንድ ነገር ልጨምር» አሉ ሐጂ፣ እጃቸውን እያራገፉ። «ዘንድሮ ዋንጫው ሚዛን ከገባ ለከርሞም አብሬያችሁ አለሁ። ካልገባ ግን እዚህ ላይ ይበቃኛል። ነጋዴ ነኝ፤ ኪሳራ በኪሳራ ላይ አልደርብም።»

አቶ ወልደጻድቅ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ እጅ ነሥተው ወጡ። ይህ ክለብ ለእሳቸው የጡረታ መዝናኛ አልነበረም። በትምህርት ቤት ሳሉ የቤንቹ፣ የሸኮው፣ የካፋው፣ የአማራውና የኦሮሞው ልጅ በአንድ ክፍል ተጠጋግቶ ሲቀመጥ አይተው ደስ ይላቸው ነበር፤ ደወል ሲደወል ግን እያንዳንዱ ወደየሰፈሩና ወደየቋንቋው ይሄዳል። ከደወል በኋላም ሳይበታተኑ ያዩዋቸው በዚህ ቡድን ውስጥ ብቻ ነው። ክለቡ ቢዘጋ ከዕድሜያቸው ሥራ ምን ተረፈ ብለው እንደሚናገሩ አያውቁም ነበር።

መላው የመጣላቸው እቤታቸው ሳይደርሱ ነው። ገና ከበሩ ሲገቡ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ማናልሞሽ ነገሯቸው።

«እንግዶቹን በየደጋፊው ቤት እንመራቸዋለን።»

«እንደ ድሮው ወታደር ተሰሪ ልታመጣብን ነው?» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ።

«ተሰሪ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሚገባ ነው። ይህ በፈቃድ የሚገባ እንግዳ ነው።»

«እሺ፤ ከገባ በኋላ ግን የእኔ እንግዳ ነው። እንግዳ ስቀበል ደግሞ ጣልቃ አትገባብኝም።»

«ማን ገባብሽ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ እንዲህ ያለውን ቃል መስጠት ምን እንደሚያስከትል ሳይመዝኑ።

ሥራውን እንደ ትምህርት ቤት ድልድል አካሄዱት። ቤት ለቤት ዞረው ጠየቁ፤ ፈቃደኛው ከሚፈለገው በለጠ። ሥጋው የሚባረክበት እጅ የተለያየ ነውና ክርስቲያኑን ተጫዋች ለክርስቲያን ቤት፣ ሙስሊሙን ለሙስሊም ቤት መደቡ። ሐጂ አባቦራ ግን ወጪው ከትከሻዬ ይውረድ ያሉ ሰው ስለሆኑ ደጃፋቸውን አላንኳኩም።

መጀመሪያ የመጡት የቱም ከተማ ልጆች ነበሩ። በቁመታቸው ሸምበቆ፣ በሩጫቸው ድኩላ የሚመስሉ ወጣቶች ናቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደርሰው በየቤቱ ተመሩ፤ ቅዳሜ ሜዳ ገቡ፤ ምዕራብ ጮራም በሰፊ ውጤት አሸነፈ። ቀጥሎ የሸዋ ቤንች ቡድን መጣ፤ እሱም እንደዚያው ሆነ። አሠልጣኙ ባየ ቡድኑን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ በጭንቅ አንዳንድ ነጥብ ይዞ ይመለሳል፤ ሚዛን ላይ ግን ጎሉ እንደ ዝናብ ይወርዳል። አቶ ወልደጻድቅን ምክንያቱን መናገር አልቸገራቸውም። ተጫዋቾቹን ሰብስበው «ሥነ ሥርዓት!» አሉ። «በሰዓቱ መተኛት፣ በሰዓቱ መነሣት፣ ማለዳ ገላን ማፍታታት። ውጤቱ ይኸው ነው።» ተጫዋቾቹ እግር እግራቸውን እያዩ ሰሙ። ባየ ሳል ያዘውና ወደ ውጭ ወጣ።

ሦስተኛው እንግዳ የጌጫ ቡድን ነበር። በፍጥነቱ የታወቀው የክንፍ ተጫዋቹ ሚካኤል በአቶ ወልደጻድቅ ቤት ተመደበ። ዓርብ ጾም ስለነበረ ራቱ በሽሮና በጎመን አለፈ። ቅዳሜ ግን ወይዘሮ ማናልሞሽ በጠዋት ዱለት፣ ለምሳ ደግሞ ክትፎ በቆጮ አቀረቡ።

«ብላ እንጂ ልጄ። እናትህ ብታይህ ምን ትለኛለች?»

«እማማ፣ በቃኝ። ጨዋታ አለብኝ።»

«ጨዋታው የት ይሄዳል፤ ሜዳው እዚሁ ነው። ይህችን ብቻ።»

«ብቻ» የተባለችው ጉርሻ ሚካኤልን አፉን አላስዘጋ አለችው። ሌላ ተከተለች፤ አንድ ብቻ ማጉረስ ያጣላል ተባለና ሦስተኛዋ መጣች። ማር ቀረበ። የቤንች ጎረቤታቸው ደግሞ እንግዳ መኖሩን ሰምታ አንድ ቅል ሙሉ ጨሞ፣ ያ በቅመም የሚፈላውን የቡና ቅጠል መጠጥ፣ ለማወራረጃ ላከች። አቶ ወልደጻድቅ ጣልቃ ላለመግባት ቃል ሰጥተዋልና ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ተመለከቱ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሚካኤል በመስመሩ ላይ የመጀመሪያውን ኳስ ተቀበለ። አምስት ስድስት እርምጃ ሮጠ። ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ተመልካቹ ሲዞር፣ ወይዘሮ ማናልሞሽ ነጠላቸውን እያውለበለቡ «አይዞህ ልጄ» አሉት። ልጁ ፈገግ ለማለት ሞከረና ጎኑን ያዘ። አቶ ወልደጻድቅ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ሌሎቹ የጌጫ ልጆች አሻገሩ። ተከላካዩ ግንድ ተደግፎ እንደቆመ ሰው የግቡን ቋሚ ተደግፏል። አማካዩ ኳሷ ወደ እሱ እንዳትመጣ በዓይኑ ይለምናል። ከሜዳው ዳር ያለችው አስተናጋጅ ሁሉ የየእንግዳዋን ስም እየጠራች ታበረታታለች። ምዕራብ ጮራ አራተኛውን ጎል ሲያስቆጥር ከተማው ጨፈረ፤ ሊቀ መንበሩ ብቻ እንደ ሐውልት ቆመው ቀሩ።

ከጨዋታው በኋላ ባየን ለብቻው ጠሩት።

«ባየ፣ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ያሸነፍነው በሥልጠና አለመሆኑን።»

ባየ ሣቁን መቆጣጠር አልቻለም። «ከቱሞች ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። ግን ጋሼ፣ ደንቡ አብሉ ይላል፤ እኛም አበላን። የትኛው አንቀጽ ተጣሰ?»

«አንቀጽ ሆኖ የማይጻፍ ነገር አለ።»

«የቀረን አንድ ጨዋታ ነው። ቴፒን እዚህ ካሸነፍን ዋንጫው የእኛ ነው፤ አቻ ከወጣን የእነሱ። ሐጂ ያሉትን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። እናቶቹ እንደ ልማዳቸው ይቀበሉ፤ እርስዎ እንዳላዩ ይሁኑ።»

አቶ ወልደጻድቅ እንዳላየ መሆንን በሕይወታቸው ሞክረውት አያውቁም፤ ፈተና ሲኮራረጁ ለያዟቸው ተማሪዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በነጋታው ከዘራቸውን ይዘው ቤት ለቤት ወጡ። ለቴፒ ልጆች የሚቀርበው ምግብ በልክ እንዲሆን ሊለምኑ ነው።

«እንግዳ ከቤቴ ሳይጠግብ ይውጣ ነው የሚሉኝ?» አለች የመጀመሪያው ቤት እመቤት።

«ሳይጠግብ አላልሁም። በመጠኑ ይጥገብ ነው ያልሁት።»

«መጠኑን ማን ሊለካ ነው መምህር? እርስዎ በማስመሪያ?»

ሁለተኛዋ ደግሞ ጨርሶ ተቆጣች። «ቱሞቹን አጥግበን ቴፒዎቹን ልናስርብ? ነገ ገበያ ላይ ሲያገኙን ምን ይሉናል?» ሦስተኛዋ ነገሩን እስኪጨርሱ እንኳ ሳትጠብቅ፣ እሳቸውን ራሳቸውን አስቀምጣ አበላቻቸው። አራተኛው ቤት ሳይደርሱ ተመለሱ፤ መራመድም ከብዷቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ከቴፒ ስልክ ተደወለና ወደ ማዘጋጃ ቤት ተጠሩ። የቴፒው አሠልጣኝ ማቴዎስ ነበር፤ የቀድሞ ተማሪያቸው።

«መምህር፣ እንደምን አሉ? ለማስቸገር አይደለም። እኛ ስንቃችንን ይዘን ነው የምንመጣው። ዳቦና ሙዝ። የምናድረውም በራሳችን ወጪ ወይዘሮ አሰጋሽ ሆቴል ነው።»

«ምክንያት?»

«የጌጫዎቹን ወሬ ሰምተናል። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ራት የበላ የለም ይባላል።»

የማዘጋጃ ቤት ስልክ ምስጢር አይይዝም። ወሬው ሊቀ መንበሩን ቀድሞ ከተማው ውስጥ ገባ። እንግዳ ስንቅ ቋጥሮ ሊመጣ ነው መባሉ በሚዛን ሴቶች ላይ የወረደ ስድብ ሆነ። «መርዝ ያበላን ይመስል!» ተባለ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ሁለት ቀን ሙሉ ባላቸውን አኮረፉ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም።

አቶ ወልደጻድቅ ያን ጊዜ ነገሩን ከሁለት በኩል አዩት። ማቴዎስ ስንቁን ይዞ ቢመጣ የከተማው ክብር ይነካል። በእንግድነት ቢመጣና እንደ ሌሎቹ ቢጠግብ ደግሞ የጨዋታው ክብር ይነካል። ወደ ማዘጋጃ ቤት ተመልሰው ቴፒን አስደወሉ።

«ማቴዎስ፣ ስማኝ። የአንተ ተጫዋች በሚቀርብበት ገበታ የእኔም ተጫዋች ይቀመጣል። አብረው ያድራሉ፤ አብረው ይበላሉ። ለአንተ ልጅ አንድ ጉርሻ ከሆነ፣ ለእኔም ልጅ አንድ ነው። ለአንተ ልጅ አሥር ከሆነ፣ ለእኔም ልጅ አሥር ነው።»



«በማን ዋስትና መምህር?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው ስንቁን ትቼዋለሁ» አለ ማቴዎስ።

ባየ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ ዋንጫውን በገዛ እጅዎ አስረክበው መጡ እኮ።»

«ዋንጫ አላስረከብሁም። ጨዋታው ጨዋታ እንዲሆን አደረግሁ።»

«ሐጂስ? ክለቡስ?»

አቶ ወልደጻድቅ የድልድሉን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

ድልድሉ ሲሠራ አንድ ቤት ጎደለ። የቴፒ ቡድን ሙስሊም ተጫዋቾች ከሌሎቹ ቡድኖች ይበዙ ነበርና ለግብ ጠባቂው ለፈሀድና ከእሱ ጋር ለሚጣመረው ለምዕራብ ጮራ አጥቂ ለአሕመዲን ማረፊያ ጠፋ። ቀሪው ቤት የሐጂ አባቦራ ብቻ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ የማይወደውን ነገር ሊለምን እንደሚሄድ ሰው እየተጎተቱ ሄዱ። ሐጂ ነገሩን ሰምተው ወንበር ሳቡላቸው።

«መምህር፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ክለቡ የማን ነው? የአባቦራ ነው ይባላል። ዓርብ ዓርብ ሰፈሩ በሙሉ በእንግዳ ሲደምቅ የእኔ በር ብቻ ጭር ይላል። ባለቤቴ ዘይቱ ምን አጥፍተህ ነው የተገለልከው እያለች ትጠይቀኛለች።»

«ሸክም እንዳላበዛብዎ ብዬ ነው። ወጪው ከትከሻዬ ይውረድ ስላሉኝ...»

«ወጪውን ነው ሸክም ያልሁት፤ እንግዳውን መቼ ሸክም አልሁ?»

አቶ ወልደጻድቅ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታቸውንም ከጠየቁ በኋላ፣ የሚሰውሩት ነገር እንዳይኖር፣ ጎሉ እስከዚያ ቀን ከየት ይመጣ እንደነበረና ለቴፒ የሰጡትን ዋስትና አስረዱ። ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ፤ ሣቃቸው ሲያልቅ ግን ነጋዴው ተመለሰ።

«እኩል ይብሉ። ደግ አድርገዋል። ነገር ግን ቃሌ እንዳለ ነው፤ ዋንጫ ከሌለ እኔ የለሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

ዓርብ ዕለት የቴፒ ልጆች ደረሱ። የሐጂ ባለቤት ወይዘሮ ዘይቱ ውድድሩ ከተጀመረ አንሥቶ የተጠራቀመ የእንግዳ ናፍቆት ነበረባቸውና በግ አሳረዱ። ፈሀድና አሕመዲን ከአንድ ሰፊ ትሪ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሐጂ መካከል ተቀምጠው አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው እያሉ፣ መምህሩ በሰጡት ቃል መሠረት፣ ጉርሻውን እኩል አካፈሉ።

«አባባ፣ እኔ ነገ ጎል ማግባት አለብኝ» አለ አሕመዲን እየተቃተተ።

«ይህም ልጅ ማዳን አለበት» አሉ ሐጂ። «ስለዚህ ሁለታችሁም ብሉ።»

«ይሄኛው እንደሆነ ባይበላም አያገባም» አለ ፈሀድ። አሕመዲን አጥንቱን ወደ እሱ በኩል ገፋበት። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ልጆች የሐጂን ጓሮ አብረው ሲዞሩ፣ አብረው ሲስቁና አብረው ሲያዛጉ ታዩ።

ለጨዋታው የመጣው ሕዝብ በከተማው ታይቶ አይታወቅም። እስከዚያ ድረስ ኳስ የሚያየው በአመዛኙ ወጣቱ ነበር፤ ያን ዕለት ግን እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ልጅ ሜዳ ላይ ነበረውና አባወራውም፣ እመቤቲቱም፣ አሮጊቷም መጡ። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት የክለቡ ኮሚቴ አባል የሆኑት ወይዘሮ አሰጋሽ ነበሩ። ትኬቱ ቢያልቅባቸው የሚገባው ሰው እጅ ላይ በእስክሪብቶ እየፈረሙ አሳለፉ።

ጨዋታው ተጀመረ ማለት ይቻላል። ሃያ ሁለቱም ወጣቶች ከበድ ያለ ዕቃ እንደ ተሸከመ ሰው በጥንቃቄ ይራመዱ ነበር። ኳሷ ወደ አንዱ ስትደርስ እንደ መሶብ በሁለት እግሩ መካከል አስቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ተጋጣሚውም እስኪሰበስብ ይታገሠዋል። ሜዳው ውስጥ የሚሮጠው ዳኛው ብቻ ነበር።

«ይሄ ዳኛ የት ነው ያደረው?» አለ አንድ ተመልካች።

«አሰጋሽ ሆቴል» አለው ጎረቤቱ።

ሣቁ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ተላለፈ። ወይዘሮ አሰጋሽም ከበሩ ሆነው «ሆቴሌ ስፖርተኛ ነው የሚያወጣው» ብለው መለሱ። እንዲያ ሲሆን ማንም ማንንም አልሰደበም። ቴፒዎቹ ኳስ ሲይዙ ግማሹ ሚዛን ያጨበጭባል፤ እያንዳንዷ እናት የየቤቷን ልጅ ነበር የምታየው። ቀኝና ግራ የተቀመጡት የቴፒና የሚዛን አሠልጣኞች ተያይተው ትከሻቸውን ሰበቁ።

እረፍት አለፈ፤ ሁለተኛው አጋማሽም ወደ ማብቂያው ተጠጋ፤ ጎል የለም። ያን ጊዜ አንድ የቴፒ ተከላካይ ከድካሙ ብዛት ሲወድቅ ኳሷን በእጁ ነካት። ዳኛው ነፋ። ፍፁም ቅጣት ምት።

አቶ ወልደጻድቅ ብድግ አሉ። ይህች ኳስ ከገባች ዋንጫው ሚዛን ይቀራል፤ ሐጂ ይቀጥላሉ፤ ልጆቹ አይበተኑም። ካልገባች ሁሉም ነገር እዚህ ሜዳ ላይ ያልቃል። በጎናቸው ያሉት ሐጂ አባቦራም ተነሡ፤ ዓይናቸው ግን ኳሷ ላይ ሳይሆን በቋሚዎቹ መካከል በቆመው በፈሀድ ላይ ነበር።

አሕመዲን ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። ግብ ጠባቂ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይወረወራል ብሎ አሰበ፤ ስለዚህ ወደ መካከል ሊመታ ቆረጠ። ፈሀድ በበኩሉ ወደ ቀኝ መወርወርንም ወደ ግራ መወርወርንም አሰበ፤ በሐጂ ቤት የበላውን በግ አስታወሰና ባለበት መቆም መረጠ። አሕመዲን መታ። ኳሷ በቀጥታ ሄዳ የፈሀድን ሆድ አገኘች፤ ፈሀድም በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቀፋት።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ።

«አበጀህ የእኔ ልጅ! አበጀህ!»

ሐጂ አባቦራ ነበሩ። ከእሳቸው በቀር ማንም ያጨበጨበ አልነበረም። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ አያቸው። እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቆሙ፤ ያደረጉት ነገር ቀስ ብሎ ገባቸው። ያጨበጨቡት ለራሳቸው ክለብ ኪሳራ ነበር። መጀመሪያ የሣቁት ወይዘሮ ዘይቱ ናቸው፤ ከእሳቸው በኋላ ሜዳው በሙሉ ሣቀ። አሕመዲን እንኳ ራሱን እየነቀነቀ ሄዶ ፈሀድን አቀፈው። ሁለቱም ሲተቃቀፉ ሆዳቸው ስለተገናኘ ቶሎ ተላቀቁ።

ጨዋታው ያለ ጎል አለቀ። ዋንጫውን ማቴዎስ ተቀበለ። ጭብጨባው ረዘመ፤ ዋንጫው ግን ለቴፒ ነበር።

አቶ ወልደጻድቅ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ሐጂ ቀረቡ። ፍርድን ቆሞ መቀበል ያውቁ ነበር።

«ሐጂ፣ ዋንጫው ሄዷል። የተነጋገርነውን አልረሳሁም።»

ሐጂ ከሜዳው ያልወጣውን ሕዝብ እያዩ ነበር፤ እናቶቹ የሁለቱንም ቡድን ልጆች እየጎተቱ ላባቸውን ይጠርጋሉ። በዚህ መካከል ወይዘሮ አሰጋሽ የበሩን ገንዘብ በከረጢት ይዘው ደረሱና በሐጂ ክንድ ላይ አስደገፉት። ሐጂ በነጋዴ እጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ቅንድባቸው ተነሣ።

«ይህ የዛሬ ብቻ ነው?»

«የዛሬ ብቻ ነው። እርስዎም ሳይከፍሉ ነው የገቡት» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ።

«እኔ ባለቤቱ አይደለሁም እንዴ?»

«ባለቤቱ ለሌላው በረኛ ያጨበጭባል እንዴ ሐጂ?»

ሐጂ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ከፈሉ። ከዚያ ወደ አቶ ወልደጻድቅ ዞሩ።

«መምህር፣ ነጋዴ ቃሉን ያከብራል። ዋንጫ ከሌለ የለሁም ብዬ ነበር። ብቻዬን የለሁም። እንግዳውን ከተማው ይቻል፤ ችሎታል። የባየን ደመወዝ ይህ በር ይቻል። ማሊያና ነዳጅ የእኔ ድርሻ ነው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም። ክለቡም ከዛሬ ጀምሮ የአባቦራ አይባል።»

«የማን ይባል?»

«እኔ እንጃ። አሁን ባጨበጨብሁት ጊዜ የማን እንደሆነ ጠፍቶብኛል።»

አቶ ወልደጻድቅ ለረጅም ንግግር አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። የሐጂን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ደመናው እየወረደ ነበርና ማቴዎስ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋበት ለመውጣት ይቻኮላል። ግን አንዱን ተጫዋች ሲያገኝ ሌላውን ያጣል፤ እያንዳንዱን ልጅ ያስተናገደችው እናት «ለመንገድ ቅመስ» ብላ ወደ ቤቷ ትመልሰዋለች። በመጨረሻ መኪናው ላይ ሙዝ፣ ማርና ኮረሪማ ተጫነ፤ ፈሀድ በሁለት ሰው ተገፍቶ ወጣ። ማቴዎስ ዋንጫውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሊሰናበታቸው መጣ።

«መምህር፣ ዋስትናዎን ጠብቀዋል። ከርሞ ግን ቴፒ ስትመጡ ይወቁ፤ የእኛ እናቶችም ይህን ሁሉ ሰምተዋል።»

«በየቤቱ ነው የምታሳድሩን?» ሲሉ ጠየቁ ሐጂ ከጎን ሆነው።

«በየቤቱ ነው።»

ሐጂ አባቦራ ጥቂት አሰቡና ወደ አቶ ወልደጻድቅ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ድልድሉን ሲሠሩ እኔንም ከተጫዋቾቹ ጋር ይመድቡኝ።»

«በየትኛው ቦታ?» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ በዳይሬክተርነት ድምፃቸው።

«በተጠባባቂነት። ገበታ ላይ የደከመ ካለ ተክቼው እገባለሁ።»